የዘይት ፖምፓ ይመለስ ወይስ ይቀየር? የአዳማ መካኒኮችና ባለመኪናዎች ጥያቄና መልስ

መግቢያ፦ ዛሬ የምንነጋገረው ሞተር ወርዶ ሲታደስ አሮጌው የዘይት ፖምፓ መመለስ አለመመለሱን ነው። ስትጠይቁ የሞተሩን ዓይነት፣ ለምን እንደወረደና የለካችሁትን ልክ ጻፉ። ልክ የሌለው ጥያቄ መልስ የለውም።

ባለ ላዳ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ላዳ 2106 ነው፣ ክራንክሻፍቱ ሬቲፊካ ገብቷል (አንገቱ በማሽን ተስተካክሏል)። ፖምፓው ሲያዩት ደህና ነው። ልመልሰው?

መልስ፦ ፖምፓ ታይቶ ደህና አይባልም፣ ተለክቶ ነው። ክዳኑን ፈተህ በነጭ ጋዝ እጠበው፣ በአየር አድርቀው። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በፖምፓው ፊት ላይ አጋድምና በማስመሪያውና በጥርሶቹ ፊት መካከል ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት) አስገባ። ላዳ አዲስ ሲሆን ይህ ክፍተት ከ0.066 እስከ 0.161 ሚሊሜትር ነው፤ 0.20 ካለፈ አልቋል። በጥርሱ ጫፍና በግድግዳው መካከል እስከ 0.25፣ ጥርስ ከጥርስም እስከ 0.25 ይፈቀዳል። ከሦስቱ ዋናው የፊቱ ክፍተት ነው። የተገፋው ዘይት ወደ መምጠጫው በኩል ተመልሶ የሚያመልጠው በዚያ ነው፤ ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ደግሞ ይብሳል። ጠዋት ደህና የነበረው ጌጅ ከአዋሽ መልስ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) የሚወርደው ለዚህ ነው።

ክዳኑን በጥፍርህ ዳስሰው። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ወፍራም መስታወት ላይ አንጥፈህ፣ ዘይት ቀብተህ፣ እያዞርክ አሸው፤ ጭረቱ እስኪጠፋ። ከዚያ እንደገና ለካ። ላዳ ላይ ሌላም አለ፦ ፖምፓውንና ዲስትሪቢዩተሩን አብራ የምታዞረዋን ትንሽ ጥርስና ቦኮላዋን (የምትዞርበትን ቀለበት) እይ። የውስጥ ጥርሷ በፖምፓው በኩል ከተላጠ ሞተሩ እየሠራ ፖምፓው ይቆማል።

ቶርኖ ቤት፦ በእጅ ማሸት ጠርዙን ይበላዋል። ክዳኑ ማሽን ላይ ቢስተካከል ይሻላል።

ባለ ዲኤክስ፦ ለአንድ ጭረት ማሽን ምን አስፈለገ? መስታወቱ ከተስተካከለ ክዳኑም ይስተካከላል።

ቶርኖ ቤት፦ አንተ ጋራዥ ያለው መስታወት ከየት እንደተነሳ ስለማይታወቅ ነው የምለው።

መልስ፦ ሁለቱም ይሆናል። መጨረሻ ላይ ማስመሪያ አጋድማችሁ ብርሃን ካላሳለፈ ተስተካክሏል። ከብርጭቆ ወረቀት በኋላ ግን በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ አሸዋው ውስጥ ከቀረ አዲሱን ብሮንዚን (ክራንክሻፍቱ የሚዞርበትን ስስ ብረት) ይበላዋል። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

የዶልፊን ሹፌር፦ 3ኤል ሞተር ነው፣ ብሮንዚን ነክሶ ነው የወረደው። ፖምፓው ስንለካው ግን በልኩ ውስጥ ነው።

መልስ፦ ቀይር። ብሮንዚን ከነከሰ አልከራከርም። ፊልትሮው (የዘይት ማጣሪያው) የሚገኘው ከፖምፓው በኋላ ነው፤ ፖምፓው የሚጠጣው ያልተጣራ ዘይት ነው። ከፊቱ ያለችው ወንፊት የምታስቀረው ትልልቁን ብቻ ስለሆነ የብሮንዚኑ ብናኝ በሙሉ በጥርሶቹ መካከልና በግፊት መልቀቂያው ባልቦላ አልፏል። የዘይት ኩለሩንም እጠበው፤ ካልጠራ ቀይረው። የብሎኩን የዘይት መንገዶች ታፓ አውልቀህ በሽቦ ብሩሽ ጥረግ። አዲስ ፖምፓ ገብቶ ኩለሩ ውስጥ ብረት ከቀረ ያው ብሮንዚን እንደገና ይነክሳል።

ባለ አይሱዙ፦ ያገለገለ ፖምፓ ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። ይሆናል?

መልስ፦ ለካው። አዲስ ብትገዛም እንዲሁ ትለካዋለህ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም ክፍተቱን አይነግርህም።

አዲስ ተጠያቂ፦ ጋሼ፣ ፖምፓ ልቀይር ወይስ ልመልስ?

መልስ፦ የምን ሞተር? ለምን ወረደ? ስንት ለካህ? መግቢያውን አንብብ።

የጋራዥ ልጅ፦ የግፊት መልቀቂያው ሞላ ሥር ራንዴላ ሲጨመር ግፊቱ ይጨምራል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ይህን ሁሉም በደንብ ያንብብ፣ ብዙ ሞተር እየተገደለበት ነው። ያቺ ባልቦላ የምትከፈተው ግፊት ከፍ ሲል ብቻ ነው። በሚኒሞ ዝግ ናት። ስለዚህ ራንዴላው በሚኒሞ ለወረደው ግፊት ምንም አያደርግም። የሚጨምረው ጠዋት ዘይቱ ወፍራም ሳለ ያለውን ግፊት ነው፤ ያኔ የፊልትሮው ጎማ ይተፋል፣ የፖምፓው መንጃ ጥርስም ይጨነቃል።

ፖምፓ ግፊት አይፈጥርም፤ ዘይት ይገፋል። ግፊቱን የሚፈጥረው ብሮንዚኑ ዘይቱን አጥብቦ መያዙ ነው። የብሮንዚን ክፍተት እጥፍ ሲሆን በዚያ የሚያመልጠው ዘይት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከ0.04 ወደ 0.08 ማለት ነው፤ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ግፊት ሲያንስ ከፖምፓው በፊት የክራንክሻፍቱን አንገትና ብሮንዚኑን ለካ። ባልቦላዋ የምትፈልገው ንጽሕና ብቻ ነው፦ ፒስተኗ በዘይት ርሳ ቤቷ ውስጥ በራሷ ክብደት ትውረድ። ከያዘች ወይም ከተጫረች ትቀየር፤ ሞላዋ ከአዲሱ ካጠረች ትቀየር። ክፍት ሆና ከተያዘች ግፊት አይኖርህም፣ ዝግ ሆና ከተያዘች ፊልትሮ ትፈነዳለች።

ባለ ባጃጅ፦ ባጃጄ ዘይት ይበላል፣ ከፖምፓው ይሆን?

መልስ፦ አይደለም። ፋሻና የባልቦላ ጎሚኒ አስፈትሽ።

ባለ ቮልስ፦ የ1972 (እ.ኤ.አ.) ቮልስ ነው። አዲሱ ፖምፓ አልገጠምም አለኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ካምሻፍቱን እዪ። እስከ 1970 ድረስ የካምሻፍቱ ጥርስ ጠፍጣፋ፣ በሦስት ሪቬት የተያዘ ነው፤ ከ1971 ወዲህ ጎድጎድ ያለ፣ አራት ሪቬት ያለው። ፖምፓቸው ይለያያል። ብሎኩ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል የመኪናውን ዓመት ሳይሆን ሪቬቱን ቁጠሪ። የፊት ክፍተቱ ከ0.1 ማለፍ የለበትም። ቮልስ ወንፊት እንጂ ፊልትሮ የለውም፣ ዘይቱም 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ዘይት መቀየር ሲዘገይ መጀመሪያ የሚጎዳው ፖምፓው ነው።

ባለ ዲኤክስ፦ 4ኬ ሞተር፣ ፖምፓውን ለክቼ መልሻለሁ። ሲነሳ ዘይት ቶሎ እንዲመጣ ግራሶ ልሙላበት?

የጋራዥ ልጅ፦ ሁሉም ግራሶ ነው የሚሞላው።

የዶልፊን ሹፌር፦ ዘይት ማፍሰስ አይበቃም እንዴ?

መልስ፦ ግራሶ አይገባም። ዘይት ውስጥ ቶሎ አይሟሟም፤ ባልቦላዋንና ጠባቡን መንገድ ይደፍናል። ዘይት ብቻ ካፈሰስክ ሞተሩ ሳይነሳ ጥቂት ቀን ከቆመ ፈስሶ ያልቃል። ንጹሕ ቫዝሊን በጥርሶቹ መካከል ሙላ፤ ሲሞቅ ይሟሟል፣ አየሩን ያስወጣል፣ መምጠጥ ወዲያው ይጀምራል። 4ኬ ላይ ፖምፓውን የሚያዞረው የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ስለሆነ ዲስትሪቢዩተሩን አውጥተህ በረጅም ካቻቢቴ፣ ዲስትሪቢዩተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ጌጁ እስኪነሳ አዙር። ሌላው ሞተር ላይ ካንዴላውን ፍታ፣ ናፍጣ ከሆነ ነዳጁን ዝጋ፣ በሞተሪኖ አዙር። ጌጅ ሳያነሳ ሞተር አይነሳም። መኪናው ያለው ቡልብ ብቻ ከሆነ ሜካኒካል ጌጅ ግጠምበት፤ ቡልቡ የሚነግርህ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) ስትዘጋ ሲልከን በቀጭኑ ቀባ። ወደ ውስጥ የሚያብጠው ተቆርጦ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል። የመምጠጫውን ቧንቧ ኦሪንግ ወይም ጋርኒሲዮን ሁልጊዜ በአዲስ ቀይር፤ አየር ከሳበ አዲስ ፖምፓም ግፊት አይሰጥም። ክፍት ግቢ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ፣ የአዳማ ንፋስ ሲነሳ ሞተሩን ሸፍኑ። ደጋግሜ እላለሁ፦ ፖምፓው የሚጠጣው ያልተጣራ ዘይት ነው።

አዲስ ተጠያቂ፦ ላዳ ነው ጋሼ። ፖምፓው ይመለሳል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ፣ ለካ፣ ቁጥሩን ይዘህ ና።

ባለ ላዳ፦ ለካሁ። የፊቱ 0.15፣ የግድግዳው 0.20። ጥርሷም ደህና ናት።

መልስ፦ መልሰው። ክዳኑን ግን አሽተህ እንደገና ለካ። 3.75 ሊትር ዘይት ይበቃዋል። ሲሞቅ በከፍተኛ ዙር ጌጁ ከ3.5 እስከ 4.5 ባር ካነበበ ፖምፓውም ብሮንዚኑም ደህና ናቸው። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይር፤ ፊልትሮውን ቁረጠውና ወረቀቱን ዘርግተህ የሚያብረቀርቅ ብናኝ እንዳለ እይ።