ሁለተኛው አድራሻ የት ገባ?

ጥያቄ፦ የኡቡንቱ ሰርቨራችን የኔትወርክ ካርድ አድራሻው 192.168.1.10 ነው። ለሌላ አገልግሎት 192.168.1.11ን በትእዛዝ ጨመርኩበት፤ ሠራ። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ግን የለም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ያጠፉት ነገር የለም። አድራሻ የሚጨምረው ትእዛዝ «አይፒ አድር አድ» (ip addr add) አድራሻውን የሚይዘው በከርነሉ (በሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ ብቻ ስለሆነ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እንዲዘልቅ በኔትፕላን ፋይል፣ ማለትም የኡቡንቱ የኔትወርክ ቅንብር በሚቀመጥበት ፋይል፣ መጻፍ አለበት። ፋይሉን ይክፈቱና «አድሬስስ» ከሚለው ሥር፣ ከመጀመሪያው አድራሻ ቀጥሎ ባለው መስመር ሰረዝ፣ አንድ ባዶ ቦታ፣ ከዚያም 192.168.1.11/24 ይጻፉ። አዲሱ ሰረዝ በላይኛው ሰረዝ ትክክል ይዋል። ታብ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ፋይሉ የሚቀበለው በባዶ ቦታ የተገፋ መስመር ብቻ ነው። ጌትዌይ (ወደ ውጭ መውጫው አድራሻ) አንዱ ይበቃል።

ቀጥሎ «ኔትፕላን ትራይ» ይበሉ። ሰርቨሩ ሩቅ ከሆነ ይህ ትእዛዝ ትልቅ ባለውለታ ነው፦ በ120 ሰከንድ ውስጥ ኢንተር ካልተጫኑ የቀድሞው ቅንብር ይመለሳል። ውጤቱን በ«አይፒ አድር» ይዩ፤ አሮጌው «ኢፍኮንፊግ» ሁለተኛውን ላያሳይዎት ይችላል።

11 ቁጥርን ራውተሩ ለሌላ መሣሪያ ካደለው ግን ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ግንኙነቱም አንዴ መጣ አንዴ ሄደ ይላል። ስለዚህ ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጭ ያለ ቁጥር ይምረጡ።

ሰርቨሩ ራሱ ወደ ውጭ ሲገናኝ በልማዱ የሚወጣው በ10 ነው፤ ሌላው ወገን ፋየርዎሉ (የግንኙነት ማጣሪያው) ላይ 11ን ብቻ ከፈቀደ አይቀበለውም።