ጭሱ ያለቀ ፍምም ይገድላል፦ አቡነ ዮሴፍ ላይ ለማደር ላሰቡት ወንድም

ወንድሜ፣ በታኅሣሥ ወር ከጓደኞችዎ ጋር ላሊበላ አጠገብ ባለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ድንኳን ተክላችሁ ለማደር እንዳሰባችሁ ገልጸው፣ «ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለን ጭሱ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ማንደጃውን ወደ ድንኳኑ ብናስገባው ችግር አለው ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ከእኔ በፊት ከመለሱት አባላት አንዳንዶቹ «በደንብ ከፋመ አይጎዳም» ማለታቸውን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኛም በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ ይህንኑ ቃል አምነን ሦስት ሰዎች ለጥቂት ተርፈናል።

ድንኳን እንዴት እንደሚተከል ወይም ምን ዓይነት ጫማ እንደሚያስፈልግ አልነግርዎትም፤ ያንን እንደሚያውቁት ከጥያቄዎ ያስታውቃል። ስለ ሙቀቱ ብቻ በተራ ቁጥር ልጻፍልዎት።

1. ቦታውን ይምረጡ። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ 4,260 ሜትር ይደርሳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ከተማው ውስጥ በአንድ ጃኬት የሚያመሹበት ሌሊት እዚያ ላይ ውርጭ ነው። ጠዋት ሲነሡ የጓሳው ሣር ነጭ ለብሶ፣ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ሥር የቋጠረው ውኃ በረዶ ሠርቶ ያገኙታል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስለሚወርድ፣ ድንኳናችሁን ከጎድጓዳው ከፍ አድርጋችሁ፣ ነፋስ የሚከልል ድንጋይ ወይም የአስታ ቁጥቋጦ ካለበት ጥግ ትከሉ።

2. ከላይ ከምትደርቡት ይልቅ ከሥር ለምታነጥፉት ተጨነቁ። እኛ እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ ደርበን ከሥራችን ግን አንዲት ስስ ምንጣፍ ብቻ ነበር ያነጠፍነው፤ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ የመሬቱ ቅዝቃዜ ወገባችንን ሰርስሮ ገባ። ማንደጃው ወደ ድንኳን የገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከሰሉን ውጭ አራግበን፣ ፍሙ እስኪቀላና ጭሱ እስኪጠፋ በትዕግሥት ጠብቀን፣ እንዲቆይልን ደግሞ አመድ አልብሰን ከእግራችን በኩል አስቀመጥነው፤ ዚፑንም እስከ ታች ድረስ ዘጋነው። ጠንቃቆች የሆንን መስሎን ነበር።

የሚገድለው ጭሱ አይደለም። የሚገድለው ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ ይህም ከቀላው ፍም ያለ ምንም ጭስ ይወጣል፣ ፍሙ አየር ሲያጥረው ደግሞ ይብሳል። አመድ ማልበሳችንና ዚፑን መዝጋታችን መርዙን ማበርታት ነበር። ጋዙ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበረታ ኃይል ስለሚጣበቅ፣ ከፍታው አስቀድሞ ያሳነሰውን ኦክስጅን ጨርሶ ይነጥቃል። የላምባ ምድጃም ሆነ የጋዝ ምድጃ ያው ነው፤ ዚፑን ትንሽ ገርበብ ማድረግም አያድንም።

እኔን መጀመሪያ ራሴን ወቀረኝ፤ ከዚያ አቅለሸለሸኝ። ከፍታው ነው ብዬ ተሸፋፍኜ ተኛሁ፤ ምልክቱ ከተራራ ሕመምም ከስካርም ጋር ስለሚመሳሰል ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ያተረፈን ከመካከላችን አንዱ ሽንቱ መጥቶበት መነሣቱ ነው። ዚፑን ከፍቶ ግማሽ አካሉ እንደወጣ ጉልበቱ ከዳውና በአፍጢሙ ተደፋ፤ የአወዳደቁን ድምፅ እሰማለሁ፣ ነገር ግን እጄን እንኳ ማንሣት አልቻልኩም። በሌላው ድንኳን የነበሩት አስጎብኛችን፣ የአካባቢው ገበሬ የሆኑ አባት፣ እየጎተቱ አወጡንና ውርጩ ላይ አስተኙን። ማንደጃውን አውጥተው ከደፉ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ የሣር ቤት ይተነፍሳል፤ ይህ የናንተ ግን ላስቲክ ነው፤ በምን በኩል ይውጣ?» አሉን። ለእኚህ ሰው ዕድሜ ልኬን ባለዕዳ ነኝ።

ከዚህ የባሰው የገጠመን ጎሕ ሲቀድ ወርደን በሄድንበት ጤና ተቋም ነው። ካርድ የሚያወጣው ሰው ወረፋ ላይ ባለው ሕዝብ ፊት «ማታ ምን ጠጥታችሁ ነው?» አለን፤ አንደኛው ጓደኛችን በሁለት ሰው ተደግፎ እየተንገዳገደ ስለነበር አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ያህል አስቀመጡን። በመጨረሻም ጣትን ነክሳ የምትይዝ የኦክስጅን መለኪያ አድርገውልን 97 በመቶ ስታሳይ «ኦክስጅናችሁ ሙሉ ነው» ተብለን ተሸኘን። ያች መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተሸከመውን ደም ኦክስጅን ከተሸከመው ለይታ እንደማታውቅ የተረዳሁት ከወራት በኋላ ነው። ንጹሕ አየር ብቻ የሚተነፍስ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሲፈጅበት፣ ኦክስጅን በጭንብል ሲሰጠው ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ያንን ኦክስጅን የተነፈግነው ሰካራም መስለን በመታየታችን ነው፤ ጓደኛችን እስከ ፋሲካ ድረስ ራሱን ሲያመውና ነገር ሲዘነጋ ቆይቷል። እግዚአብሔር አያድርገውና ቢደርስባችሁ፣ ገና በር ላይ «ከሰል ባለበት ዝግ ቦታ ውስጥ አድረናል» ብላችሁ ተናገሩ፤ መለኪያው ምንም ቢያሳይ ኦክስጅን እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

3. ታዲያ በምን እንሙቅ ላሉት፣ እኔ ከዚያ ወዲህ በዚያው ተራራ ላይ አራት ጊዜ አድሬአለሁ፤ አንዲት ፍም ወደ ድንኳኔ አልገባችም፣ አብሮኝ የወጣ ሰውም በብርድ ሲንቀጠቀጥ አላደረም። ከሥር ጭድ እጎዘጉዛለሁ፣ በላዩ አጎዛ፣ ከዚያ ስሊፒንግ ባግ፣ ከላይ ባና። ውኃ ውጭ አፍልቼ በብረት ኮዳ እሞላና ክዳኑን አጥብቄ፣ በወፍራም ካልሲ ጠቅልዬ ከእግሬ ሥር አደርገዋለሁ፤ ሌሊቱን ብዙውን ይዘልቃል። ቀን የለበስኩትን በላብ የራሰ ልብስ አውልቄ ደረቅ ካልሲና ደረቅ ሹራብ እቀይራለሁ፣ ከመተኛቴ በፊት በሶ በቅቤ እበላለሁ። የድንኳኑን የላይ መተንፈሻ አልዘጋውም፣ ፊቴንም አልሸፍንም፤ የትንፋሽ እርጥበት ልብሱን አርሶ ብርዱን ይመልሰዋልና። አረቄ ይዘን እንውጣ ለሚሉት ጓደኞችዎ እምቢ ይበሏቸው፤ የሞቀ ይመስላል እንጂ ደሙን ወደ ቆዳ አውጥቶ የሰውነትን ሙቀት ያባክናል።

ጉዟችሁ እሑድ የሚጀመር ከሆነ አንድ ቀን ቀድማችሁ ላሊበላ ግቡ። ቅዳሜ ገበያው ስለሚውል ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለውን የደጋ በግ አጎዛ እዚያ ጠይቁ፤ ለአንድ ሰው ሁለት ይበቃል፣ አንዱ ለትከሻ፣ አንዱ ለዳሌ።