ኪርኩክን ማን ይውሰዳት? ሽማግሌ ያላጣ፣ መቋጫ ያጣ ክርክር

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ እህታችሁ ነኝ፣ አምዳችሁን ሳላነብ አላልፍም። ኢራቅ ውስጥ አረቦችና ኩርዶች ነዳጅ ባለባት በሰሜኗ ከተማ በኪርኩክና በዙሪያዋ "የኔ ነው የኔ ነው" ሲባባሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምሰማው፣ ተመድ አደራደረ አሜሪካ አደራደረ ይባላል ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። ለምንድነው ህዝቡን ድምፅ አሰጥተው የማይገላገሉት?

መልስ፦ እህቴ፣ ድምፅ ማሰጠቱማ ህገ መንግስታቸው ላይ ሰፍሯል እኮ። በ2005 የፀደቀው (ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የኢራቅ ህገ መንግስት አንቀፅ 140 መጀመሪያ ሳዳም ያፈናቀላቸው ይመለሱ፣ አምጥቶ ያሰፈራቸው ደሞ ወደመጡበት ይሂዱ፣ ከዛ ቆጠራ፣ ከዛ ህዝበ ውሳኔ፣ ይሄ ሁሉ እስከ 2007 መጨረሻ ይለቅ ይላል። ቀኑ መጣ፣ ሄደ፣ ህዝበ ውሳኔ የሚባል ነገር የለም።

ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት መራጩ ማነው የሚለው መታወቅ አለበት፣ ኪርኩክ ላይ ደሞ ጠቡ ራሱ እሱ ነው። የሳዳም ገዢ ፓርቲ ባአዝ ለዓመታት ኩርዶችንና ቱርክመኖችን (ከቱርክ ጋር በቋንቋ የሚዛመዱ የአካባቢው ህዝቦች ናቸው) እያስወጣ ከሌላው የኢራቅ ክፍል አረቦችን አምጥቶ አሰፈረ፣ ክፍለ ሀገሩን ራሱ "ታሚም" ብሎ ሰየመው፣ ታሚም ማለት ወደ መንግስት ይዞታ ማዞር ነው፣ በ1972 ለተወረሰው ነዳጅ ማስታወሻ መሆኑ ነው እንግዲህ (ለሰው አገር የነዳጅ ስም!)። ከ2003 በኋላ ኩርዶቹ መመለስ ጀመሩ፣ ይሄኔ አረቦቹና ቱርክመኖቹ "ከተመለሱት ውስጥ ስንቱ ነው እውነት የኪርኩክ ልጅ?" አሉ።

አንድ ነገር ላሳይሽ። በዛን ጊዜ የመራጮች መዝገብ የተሰራው ከራሽን መዝገብ ላይ ነው፣ ዱቄት፣ ሩዝ፣ ስኳርና ዘይት የሚወጣበት የቤተሰብ ካርድ አለ አይደል፣ እሱ። እስቲ አንድ አባወራ ካርዱን ከኤርቢል፣ ማለትም ከኩርዶቹ ራስ ገዝ ክልል ዋና ከተማ፣ ወደ ኪርኩክ አዛወረ እንበል፣ ለኩርዱ ተፈናቅሎ የነበረ ወገኑ ቤቱ ገባ፣ ለአረቡ ደሞ ለድምፅ ተብሎ የመጣ ሰው ነው፣ ካርዱ ላይ ግን የሚታየው የሩዝ ኮታ ብቻ ነው። ወደ ድሮ መዝገብ እንሂድ ብትይም አያዋጣም፣ ሁሉም የሚጠቅሰው የ1957ቱን ቆጠራ ነው፣ እዛ ላይ ከተማዋ ውስጥ ቱርክመኖች 38 በመቶ ገደማ ሆነው አንደኛ ናቸው፣ ክፍለ ሀገሩን በሙሉ ስትወስጂ ግን ኩርዶች 48 በመቶ ገደማ ሆነው ይመራሉ። አንድ መዝገብ ነው፣ ሁለቱም እሱኑ ይዘው ይሟገታሉ።

ወደ ሽማግሌዎቹ ስንመጣ፣ የፀጥታው ምክር ቤት በ2007 በውሳኔ 1770 የኢራቁን የተመድ ተልዕኮ በውስጥ ድንበሮቹ ጉዳይ እንዲያግዝ አዘዘው፣ ኃላፊው ስታፋን ደ ሚስቱራ ነበር። ሰውየው መጀመሪያ ያሰበው ቀላል ቀላሉን እናስቀድም ነው፣ በሰኔ 2008 አክሬ፣ ማክሙር፣ ሃምዳኒያና ማንዳሊ በሚባሉ አወዛጋቢ አካባቢዎች ላይ ሀሳቡን አቀረበ፣ ባጭሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአብዛኛው ወደ ኩርዶቹ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ባግዳድ ስር ይሁኑ የሚል አዝማሚያ ነበረው። ሁሉም ተቆጣ። እኔ እንደሚመስለኝ ስህተቱ ሀሳቡ ላይ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፣ ማክሙርን ያገኘ ሰው "እሱማ ድሮም የኔ ነበር" ብሎ አያመሰግንሽም፣ ማንዳሊን ያጣው ግን እድሜ ልኩን ይዞብሽ ይኖራል፣ ትልቋ ኪርኩክ ሳትነካ ትንንሹን ማከፋፈል ትርፉ ቅሬታ ማጠራቀም ነው። እሱም ገብቶት መሰለኝ መንገዱን ቀየረና በሚያዝያ 2009 ሁሉንም አካባቢዎች ባንድ ላይ አጥንቶ ከ500 ገፅ በላይ የሆነ ሪፖርት ለኢራቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ለማሊኪ፣ ለፕሬዝዳንቱ ለታላባኒና ለኩርዶቹ ክልል ፕሬዝዳንት ለማሱድ ባርዛኒ ሰጣቸው፣ ለኪርኩክ አራት አማራጭ ነበረበት፣ አራቱም ክፍለ ሀገሩ እንዳይቆራረጥ የሚሉ ናቸው። ሪፖርቱ ለህዝብ ይፋ አልሆነም፣ ሶስቱም ተቀበሉት፣ ሶስቱም አስቀመጡት።

የሰራ ነገር የለም ወይ ካልሽኝ አለ፣ ግን ማንም ሽምግልና ብሎ አይጠራውም። በ2010 አሜሪካኖቹ አወዛጋቢው መስመር ላይ የጋራ ኬላ አቆሙ፣ አንድ ኬላ ላይ የኢራቅ ወታደር፣ ፔሽመርጋ (የኩርዶቹ ጦር) እና አሜሪካዊ አብረው ይቆማሉ፣ መኪና ሲመጣ አብረው ይፈትሻሉ። የድንበሩ ጥያቄ እዛው ተንጠልጥሎ ነው፣ ቢሆንም ባግዳድና ኤርቢል ከመታኮሳቸው በፊት መሀል ላይ ስልክ የሚደውል ሰው አለ። በ2011 መጨረሻ አሜሪካኖቹ ወጡ፣ ዓመት እንኳን በቅጡ ሳይሞላ ከኪርኩክ በስተደቡብ ባለችው ከተማ ቱዝ ኩርማቱ ላይ ተኩስ ተከፈተ፣ ሁለቱም ጦራቸውን አምጥተው ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

የቀረውን ዜና ላይ አይተሽዋል፣ በ2014 አይሲስ ሲመጣ የኢራቅ ጦር ኪርኩክን ጥሎ ሲሸሽ ፔሽመርጋ ያዛት፣ በ2017 ባርዛኒ የነፃነት ህዝበ ውሳኔ ሲጠራ ተመድ፣ አሜሪካና እንግሊዝ "ተወው፣ በምትኩ በኛ አጋዥነት ድርድር ይጀመር" ብለው ለመኑት፣ እምቢ አለ፣ ኪርኩክንም ጨምሮ አስመረጠ፣ 93 በመቶ ገደማ እንገንጠል አለ፣ በሶስት ሳምንቱ ጥቅምት 16 የባግዳድ ጦር ገብቶ ከተማዋን ባንድ ቀን ወሰዳት።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ታሪክ ማንበብ እወዳለሁ። ድሮ ሞሱል ለኢራቅ ትሁን ለቱርክ ሲባል የፈረደው የመንግስታቱ ማህበር አልነበረም? አሁንስ ለምን የዓለም ፍርድ ቤት ወስደው አያስፈርዱትም?

መልስ፦ አባታችን ልክ ነዎት፣ በ1925 ማህበሩ አንድ ሃንጋሪያዊ፣ አንድ ስዊድናዊና አንድ ቤልጂየማዊ ያሉበት ኮሚሽን ልኮ ህዝቡን አጠያይቆ ነው ሞሱል ለኢራቅ የተወሰነችው፣ በማግስቱ ዓመት ቱርክም ለ25 ዓመት ከነዳጁ ገቢ 10 በመቶ ይደርሳታል ተብላ ፈረመች። ግን ይመልከቱ፣ ተከራካሪዎቹ ቱርክና እንግሊዝ ነበሩ፣ ኩርዱ አስተያየቱን ተጠየቀ እንጂ ወንበር አልተሰጠውም። የዓለም ፍርድ ቤትም እንደዛው ነው፣ መንግስትና መንግስት ካልሆነ አይሰማም፣ ይሄኛው ደሞ የአንድ አገር የውስጥ ወሰን ነው። ተመድም ኪርኩክ የገባው በዳኝነት አይደለም፣ በሽማግሌነት ነው፣ ሽማግሌን ደሞ አንዱ ወገን እምቢ ካለው ከነጋቢው መውጣት ነው ያለው።

ኩርዶች ሽምግልና ሲባል የሚጠራጠሩትም ያለ ምክንያት አይደለም። በመጋቢት 1975 የአልጄሪያው ፕሬዝዳንት ቡመዲየን የኢራኑን ሻህና ሳዳምን አስታርቋል፣ ዓለም አጨበጨበ፣ ሻሁም ለኩርዶቹ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ አቋረጠና የኩርዶቹ መሪ የሙስጠፋ ባርዛኒ (የማሱድ አባት) አመፅ በሳምንታት ውስጥ ፈረሰ። የታረቁት ሌሎች ናቸው፣ ሂሳቡን የከፈለው እሱ።

ጥያቄ፦ አሁን በምን ላይ ናቸው? ባጭሩ።

መልስ፦ በታህሳስ 2023 ኪርኩክ ከ2005 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የክፍለ ሀገር ምክር ቤቷን መረጠች፣ 16 መቀመጫ ነው፣ ኩርዶች 7፣ አረቦች 6፣ ቱርክመኖች 2፣ ክርስቲያኖች 1፣ ማንም ብቻውን አይሞላም። ስምንት ወር ሙሉ ተነታረኩና በነሐሴ 2024 ከፊሎቹ አባላት ባግዳድ ራሺድ ሆቴል ተሰብስበው ኩርድ አስተዳዳሪ መረጡ፣ የቀሩት ህገወጥ ነው አሉ። በህዳር የተደረገው አገር አቀፍ ቆጠራ ብሔርህ ምንድነው የሚለውን ጥያቄ ጭራሽ አወጣው። በጥር 2025 ባአዝ የወረሰው የኩርዶችና የቱርክመኖች መሬት ለባለቤቶቹ ይመለስ የሚል ህግ ፓርላማው አፀደቀ፣ ተመድ ደሞ በራሱ በኢራቅ መንግስት ጥያቄ በዛው ዓመት መጨረሻ ተልዕኮውን ዘጋ።