የወይን መንደር በጋ፦ ደቡብ ፈረንሳይ ለገባችሁ ወገኖቼ

ከፓሪስ ወይም ከሊዮን ወጥታችሁ ኦድና ኤሮ ከሚባሉት የደቡብ ፈረንሳይ አውራጃዎች በአንዱ የወይን መንደር ለገባችሁ ሁሉ ይህን የምጽፈው፣ የመጀመሪያው በጋ በከንቱ እንዳያልፍባችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ በትዳር፣ አንዳንዶቻችሁ በሥራ መጥታችኋል። በጥገኝነት ጉዳይ የተመደባችሁም አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሰሜን ፈረንሳይ ካሌ ከተማ የነበረው የስደተኞች መጠለያ ሲፈርስ ልጆቻችን ከሱዳንና ከኤርትራ ልጆች ጋር በአውቶቡስ ተጭነው ስሙን እንኳ ሰምተውት ወደማያውቁት የገጠር ከተማ ተበትነዋል። የመጣችሁበት ምክንያት ምንም ይሁን፣ የመንደር ሰው የሚተዋወቀው በጁንና በሴፕቴምበር መካከል ነው። ከኖቬምበር ወዲያ መንገዱ ጭር ይላል፣ በሩ ሁሉ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ጎረቤት ልወቅ ብትሉ የምታገኙት ሰው የለም።

ስለዚህ ሻንጣ ፈትታችሁ ሳትጨርሱ ሜሪ ሂዱ። ሜሪ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ በትንሽ መንደር በሳምንት ጥቂት ቀን፣ ያውም ለግማሽ ቀን ብቻ ሊከፈት ስለሚችል ሰዓቱን በሩ ላይ አንብቡ። ጸሐፊዋን ሰላም ብላችሁ የት ቤት እንደገባችሁ ንገሯት፤ መንደሩን የምታውቀው እሷ ናት። አብሯችሁ የሚኖር አዛውንት ወይም ሕመምተኛ ካለ ለሙቀት ጊዜ በተዘጋጀው መዝገብ ላይ አስመዝግቡት። በ2003 ኦገስት የመጣው ሙቀት ፈረንሳይ ውስጥ 15,000 ያህል ሰው ገድሏል፣ አብዛኞቹ አዛውንቶች ነበሩ። ዛሬ የማስጠንቀቂያው ደረጃ ከፍ ሲል ማዘጋጃ ቤቱ በመዝገቡ ላይ ላሉት እየደወለ ደኅንነታቸውን ይጠይቃል።

እኛ ደጋ ያደግን ሰዎች ሲሞቀን መስኮት እንከፍታለን። እዚህ ግን ፀሐይዋ ግድግዳውን ሳታገኘው መስኮቱም የውጪው የእንጨት መዝጊያም ይዘጋል፤ የሚከፈተው አመሻሽ ላይ ውጪው ሲቀዘቅዝ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው አሮጌ ቤት እንዲህ ከተያዘ ውስጡ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ይሆናል። በጁን 2019 እዚሁ ኤሮ ውስጥ ቬራርግ በምትባል መንደር 46 ዲግሪ ተመዝግቧልና ነገሩን በቀላሉ አትዩት። ቀትር ላይ ሱቁም ፋርማሲውም ይዘጋል። ዳቦ ቤት ስትገቡ ደግሞ አስቀድማችሁ ለተሰለፈው ሁሉ "ቦንዡር" በሉ፤ ሰላምታ ሳይሰጥ ወደ ጉዳዩ የሚገባ ሰው ባለጌ ተብሎ ይያዛል።

አሁን ስለ ቡናችን ልናገር፣ ምክንያቱም ይኼ ነገር ያሳስበኛል። ግቢ ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ዕጣን አጭሶ፣ ቄጤማ ጎዝጉዞ ቡና ማፍላት የሚያጓጓ ነገር ነው። በዚህ አገር በጋ ግን አታድርጉት። በኦገስት 2025 እዚሁ ኦድ፣ ኮርቢየር በሚባለው ኮረብታማ አካባቢ ውስጥ ከሪቦት መንደር የተነሣው እሳት ከ16,000 ሄክታር በላይ አቃጥሏል። ሣሩ ደርቆ፣ ትራሞንታን የሚሉት ነፋስ ሲነሣ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃለች፤ በብዙ ቦታም በበጋ ውጪ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፣ ያስቀጣል። እሺ ብላችሁ ምድጃውን ወደ ቤት እንዳታስገቡ ደግሞ አደራ፤ ለሙቀቱ ብላችሁ በዘጋችሁት ክፍል ውስጥ ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ሳይሸት ሳይታይ ይገድላል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ቁሉት፣ ጀበናውንም እዚያው ጣዱት፤ ፈንዲሻውን ይዛችሁ በረንዳ ላይ ብትቀርቡ ጎረቤት ይመጣል። ጭስ ካያችሁ 18 ወይም 112 ደውሉ።

በጁላይ 14 በፈረንሳይ ብሔራዊ በዓልና በኦገስት አጋማሽ በብዙ መንደር ረጅም ጠረጴዛ አደባባይ ላይ ይዘረጋል። ትኬቱ ቀደም ብሎ ይሸጣል፤ ሳህን፣ ቢላና ብርጭቆ ከቤት ይዛችሁ ኑ ሊባልም ይችላል። ኦገስት 15 ለእነሱ የፍልሰታ በዓል ነው፤ ለእኛ ለኦርቶዶክሶቹ ግን የጾሙ እኩሌታ። "ሥጋ፣ እንቁላልና የወተት ተዋጽኦ አልበላም" ብላችሁ ትኬት ስትገዙ ንገሩ፣ ማንም አይከፋውም፤ ቲማቲሙ፣ ወይራው፣ ሐብሐቡ አለ። አልኮል የማትጠጡም እንዲሁ በግልጽ ተናገሩ። አፔሮ ለሚሉት፣ ከራት በፊት ለሚደረገው የመጠጥና የጨዋታ ግብዣ ከተጠራችሁ የምስር ሳምቡሳ ውሰዱ፤ እንጀራና ወጥ ቆመው ለሚጨዋወቱ ሰዎች አይመችም፣ ሳምቡሳ ግን በእጅ ይነሣል፣ ወሬም ይጀምራል። ወይን ገበሬ አጠገባችሁ ከተቀመጠ ስለ ዝዋይ አጫውቱት፦ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እዚያ ወይን ተክሎ፣ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚባሉትን ወይኖች ከ2014 ጀምሮ ሲሸጥ እንደኖረ። ኢትዮጵያ ወይን ይበቅላል ወይ ብሎ ጥያቄውን ያዘንብባችኋል።

የመስከረሙን የወይን ለቀማ ሥራ የምታገኙትም ከዚያው ጠረጴዛ ነው። ገበሬው ለለቀማ ሰው የሚያስበው ገና በጁላይ ነውና በዚያው ጠይቁት። በዚህ አካባቢ ብዙውን የሚለቅመው ማሽን ነው፤ ኦድ ውስጥ ባለችው በሊሙ ከተማ ዙሪያ ግን ክሬማን የሚባለው አረፋማ ወይን በእጅ እንዲለቀም ደንቡ ያስገድዳል። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ዘለላ በመቀስ መቁረጥ ወገብ ይፈትናል፤ ቡና የለቀመ ሰው እንኳ ይደክመዋል።

ጥገኝነታችሁ የጸደቀ መሥራት ትችላላችሁ። ገና በጥያቄ ላይ ያላችሁ ግን ካመለከታችሁ 6 ወር ሲያልፍ፣ ያውም በፈቃድ ብቻ ነው። የተማሪ ፈቃድ በዓመት 964 ሰዓት ያሠራል። የለቀማው ውል በጽሑፍ ይሁን፤ አንዱ ውል ከ1 ወር አይበልጥም፣ በዓመት ውስጥ ተደምሮም ከ2 ወር። ያለ ውል በጥሬ ገንዘብ እንክፈል ለሚሏችሁ እሺ አትበሉ፤ መቀስ እጃችሁን ቢቆርጠው ወይም ፀሐይ ቢጥላችሁ የገበሬዎቹ መድን ኤምኤስኤ አያውቃችሁም። በሴፕቴምበር 2023 ሻምፓኝ በሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ የወይን አካባቢ ውስጥ በዚያ ኃይለኛ ሙቀት ለቀማ ላይ የነበሩ ሰዎች ሞተዋል። ከጁላይ 2025 ወዲህ የቧንቧ ውኃ በሌለበት የሥራ ቦታ አሠሪው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን ቢያንስ 3 ሊትር ውኃ ማቅረብ አለበት፤ ካላቀረበ ሳታፍሩ ጠይቁ። የደመወዝ ወረቀቱን ደግሞ አንዱንም አትጣሉ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ስታሳድሱና ቤተሰብ ለማምጣት ስታመለክቱ ልትጠየቁ ትችላላችሁ።