«ሪማርክ ሙዪ አሉኝ»

የአንባቢያን የሕግ ጥያቄ። መልስ የሚሰጡት ሐዋሳ የሚሠሩት የዓምዱ ጠበቃ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ዓይነ ስውር ነኝ። የምማርበትን ተቋም ስም እንዳያወጡብኝ አደራ። እስካሁን ፈተና ሲኖር አንባቢ ይመደብልኛል፣ ተጨማሪ ሰዓትም ይሰጠኛል። ባለፈው ሴሚስተር የስታትስቲክስ ፋይናል ዕለት ግን አንባቢው ሳይመጣ ቀረ። መምህሩ «ቁጭ በይ፣ እኔ አነብልሻለሁ» አለኝ። ሌሎቹ ጨርሰው እስኪወጡ ጠበቅሁ። ከዚያ «ሰዓት ሄደብኝ» እያለ በጥድፊያ አነበበልኝ። ሰንጠረዥ ያለበት ጥያቄ ላይ ሲደርስ «ይኼ ላንቺ አይሆንም፣ እንዝለለው» አለ። የዘለለው ግን ተቆጠረብኝ። ኤፍ ወጣ። ዲፓርትመንት ስሄድ «ሪማርክ ሙዪ» አሉኝ። ሞላሁ። «ውጤቱ ትክክል ነው» ተብሎ ተመለሰ። ጓደኞቼ «አርፈሽ ድገሚው፣ መምህሩ ይይዝብሻል» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ሽማግሌ እንላክ ትላለች። ምን ይሻለኛል?
ብ.፣ ከአቶቴ

መልስ፦ ልጄ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ሽማግሌው ግን ይቆይ። ሽማግሌ የሚያስታርቀው የተጣላ ሰው ነው፣ አንቺና መምህሩ ደግሞ አልተጣላችሁም። ባልተነበበልሽ ጥያቄ ኤፍ ተሰጥቶሻል፣ ጉዳዩ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሪማርኩን ነገር እናጥራ። ሪማርክ የሚያየው የሰጠሽው መልስ በደንብ ታርሟል ወይ፣ ነጥቡስ በትክክል ተደምሯል ወይ የሚለውን ነው። ያልተነበበልሽ ጥያቄ አሥር ጊዜ ቢታረም ያው ዜሮ ነው። ስለዚህ ያረሙት ሰዎች «ትክክል ነው» ሲሉ አልዋሹም። የላኩሽ ወደማይመለከተው ቦታ ነው። ሆን ብለው ነው አልልም። ዲፓርትመንት ውስጥ ስለ ግሬድ ቅሬታ ሲነሣ እጅ በራሱ ወደ ሪማርክ ፎርም ይሄዳል።

አንቺ የምትጠይቂው ሌላ ነው። «ፈተናው እኔ ልፈተነው በምችለው መንገድ አልተሰጠኝም። ውጤቱ ይሰረዝና እንደገና ልፈተን።» ደብዳቤሽ ይኼን በመጀመሪያው አንቀጽ ይበል። ለኮሌጁ ዲን ይጻፍ፣ ግልባጭ ለተማሪዎች ዲንና የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ለሚሰጠው ክፍል ይሁን። «መምህሩ ይቀጣልኝ» የሚለውን ለጊዜው ተይው። ቅጣት ከጠየቅሽ ነገሩ ወደ ሥነ ሥርዓት ይዞራል፣ ምስክር ይጠራል፣ ቀጠሮ ይበዛል። አንቺ አራተኛ ዓመት ስትደርሺም ኤፉ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። ደግሞም አንባቢ የመመደብ ሥራ የመምህሩ አልነበረም። መዝለሉ የእሱ ነው፣ የአንባቢው መቅረት ግን የተቋሙ ነው። ደብዳቤሽ ሁለቱን ይለይ። መምህሩም ቢሆን ጥፋቱ ሁሉ በእሱ ላይ እንዳልተጫነ ሲያይ የሆነውን ለመናገር ይቀለዋል።

አሁን ወደ አጻጻፉ። የተማሪዎች ደብዳቤ ብዙ አነባለሁ፣ ይነበብልኛል ማለቴ ነው፣ እኔም ዓይነ ስውር ነኝ። ግማሹ ገጽ «ከደሃ ቤተሰብ የወጣሁ፣ ብርሃኔን በሕፃንነቴ ያጣሁ» የሚል ነው። ይኼን አውጪው። የሚያነበው ሰው ከንፈሩን ይመጥና ወረቀቱን ያስቀምጠዋል። በቦታው እነዚህን አስገቢ፦ ፈተናው የተሰጠበትን ቀንና ክፍል፣ አንቺ መፈተን የጀመርሽበትንና የጨረስሽበትን ሰዓት፣ አንባቢ እንዲመደብልሽ መቼና ለማን እንደነገርሽ፣ የትኛው የጥያቄ ቁጥር እንደተዘለለና ስንት ነጥብ እንደያዘ። ቁጥሩንና ነጥቡን ከክፍል ጓደኞችሽ ጠይቂ፣ ሳይረሱት ዛሬውኑ። የሚድ ፈተናሽንም ጥቀሺ። ሚድ ላይ አንባቢና ተጨማሪ ሰዓት ከተሰጠሽ፣ ያስፈልጋታል ብሎ የተቀበለው ተቋሙ ራሱ ነው። ፋይናል ላይ አላወቅንም ማለት አይችልም።

የቅሬታ ማቅረቢያ ቀኑ አልፏል ይሉሽ ይሆናል። ቀኑ በተቋምሽ ሴኔት ሌጅስሌሽን፣ ማለት በተቋሙ የውስጥ መተዳደሪያ ደንብ፣ ላይ ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜም አጭር ነው። ካለፈም ሪማርክ የሞላሽበትንና መልሱ የመጣበትን ቀን ጻፊ። ዝም ብለሽ ተቀምጠሽ አይደለም ቀኑ ያለፈው፣ እነሱ ባሳዩሽ መንገድ ስትሄጂ ነው።

ሕግ ልጥቀስ ካልሽ ሦስት መስመር ይበቃል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት እንዲህ ያለ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ስምምነቱ በአንቀጽ 2 ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለት ለአካል ጉዳተኛው እንደ ፍላጎቱ የሚደረግለትን ተገቢ ማስተካከያ፣ መከልከል ራሱ አድልዎ ነው ይላል፣ በአንቀጽ 24 ደግሞ ይህ ማመቻቸት በከፍተኛ ትምህርትም እንዲደረግ ያዛል። አሁን በሥራ ላይ ካለው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 650/2001 እንኳ የፈተና ሰዓት ማራዘምን በስሙ ጠቅሶት ነበር። ትናንት የመጣ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

ድጋሚ ፈተናው ሲፈቀድልሽ ደስ ብሎሽ ዝም እንዳትዪ። እንዴት እንደምትፈተኚም ደብዳቤው ውስጥ ይኑር። እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድ ጊዜ የተመደበልኝ አንባቢ የሮማን ቁጥር አያውቅም ነበር። «አይ፣ አይ፣ አይ» ብሎ ሲያነብልኝ ሦስት ማለቱ መሆኑ ገብቶኝ እስቃለሁ፣ ሕግ ስለሆነ አለፈልኝ። ስታትስቲክስ ላይ ሲግማን «ይቺ ኢ የምትመስለው ነገር» ብሎ የሚያነብልሽ ሰው ከመጣ ግን አለቀልሽ። ስለዚህ ትምህርቱን የወሰደ አንባቢ ጠይቂ። ሰንጠረዥ ለዓይነ ስውር አይሆንም የሚለውም ከንቱ ወሬ ነው። ረድፍ በረድፍ ይነበባል። በብሬል ይጻፋል። ላፕቶፕ ላይ ኤክሴል ተደርጎ ከተሰጠሽ ኤንቪዲኤ እያንዳንዱን ሳጥን ያነብልሻል፣ እሱም በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። የትኛው እንደሚቀናሽ አንቺ ምረጪ። አራሚው ሌላ መምህር ይሁን ብለሽም ጨምሪበት። «ይይዝብኛል» ለሚለው ፍርሃት ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም።

ደብዳቤውን ለሰው በእጅ ሰጥተሽ አትምጪ፣ መዝገብ ቤት አስገቢው። ሁለት ኮፒ ያዢ። አንዱ ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር ይደረግበት፣ እሱ ያንቺ ነው። ማኅተሙ መደረጉን፣ ቀኑም የዛሬው መሆኑን አብራሽ የሄደችው ልጅ እዚያው ጮክ ብላ ታንብብልሽ። ፎቶም ታንሳው። ምናልባት ጸሐፊዋ «ዓይነ ስውር ሲፈርም ምስክር ያስፈልጋል» ትልሽ ይሆናል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 የዓይነ ስውር ፊርማ በአዋዋይ፣ በሬጅስትራር ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም የሚል ነገር አለ። ለእኛ ጥበቃ ተብሎ የገባ ነው፣ ባንክ ቤት ስንት ሰው እንዳንገላታ ግን እኔን ጠይቁኝ። የሚመለከተው ውልን ነው። አቤቱታ ውል አይደለም፣ ፈርመሽ አስገቢ።

መልስ ከጠፋ ወይም እምቢ ካሉ ከግቢ ውጪ መሄጃ አለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሐዋሳ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው። ያለ ክፍያ ነው፣ በቃልም አቤት ማለት ይቻላል፣ እናትሽም ስለ አንቺ ማቅረብ ትችላለች። በቂ ምክንያት ካለ ስም ያልተገለጸበትን አቤቱታም ይቀበላል። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሞክረው ሁለቱን ወገን አነጋግሮ መጨረስን ነው፣ እናትሽ ሽማግሌ ካለች እንግዲህ እነሱን ትላክ። ፍርድ ቤት የቀረበን ጉዳይ ግን አይዝም፣ ስለዚህ ክስ ለመክፈት አትቸኩዪ። የአስተዳደር በደል ነው ካልሽ የእንባ ጠባቂ ተቋምም እዚሁ ከተማ ቅርንጫፍ አለው። ሁለቱም ጋር ስትሄጂ መጀመሪያ የምትጠየቂው «ለተቋሙ አመልክተሻል ወይ?» ተብለሽ ነው። ያቺ ማኅተም ያለባት ኮፒ ያኔ ትፈለጋለች።

ጥያቄ፦ በዊልቸር የምንቀሳቀስ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ የሦስት ኮርሶች ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጓደኞቼ ከነዊልቸሬ ተሸክመው ያወጡኛል። ሳመለክት «ጓደኞችህ እየረዱህ አይደል እንዴ? ለሊፍት በጀት የለም» ተባልኩ። እኔ ሊፍት አልጠየቅኩም።
ከሐዋሳ

መልስ፦ እሰይ፣ እንኳን አልጠየቅህ! ሊፍት ከጠየቅክ እስክትመረቅ በጀት ይጠበቃል። «ክፍሉን ምድር አውርዱልኝ» በል። የክፍል ድልድል የሚሠራው ሰው ሰንጠረዡ ላይ ሁለት መስመር ቢያለዋውጥ ያልቃል። ወደ ዲኑ ከመመለስህ በፊት እሱን ሰውዬ ፈልገው። በአንተ ሰዓት ምድር ላይ የትኛው ክፍል ባዶ እንደሆነ አብራችሁ እዩና የክፍሉን ቁጥር ደብዳቤህ ላይ ጻፈው። መልሱን ይዘህ ስትሄድ እምቢ ለማለት ይከብዳቸዋል። የሚቀጥለው ሴሚስተር ድልድል ደግሞ ሳይለጠፍ ቀድመህ አመልክት።

ስለ ሸክሙ ዝም ብዬ አላልፍም። ጓደኞችህ ይባረኩ። ነገር ግን ጓደኛ ይታመማል፣ ይቀራል፣ በዝናብ ቀን ደረጃ ላይ ያዳልጠዋል። አንተ ሽንት ቤት ለመሄድ አራት ሰው መጥራት አለብህ። በዚህ ምክንያት ክፍል ባለበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ ውኃ የማይጠጡ ልጆች አውቃለሁ። አንተም ከእነሱ አንዱ ከሆንክ ሳታፍር ጻፈው፣ «ይረዱሃል አይደል» ላለህ ሰው ከዚህ የሚበልጥ መልስ የለም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙ ሰዎች መግቢያ መንገድ እንዲኖረው ይጠይቃል፣ ሽንት ቤቱንም አይተወውም። ሕንፃው ከአዋጁ በፊት የተሠራ ነው ብለው ሊከራከሩህ ይችላሉ። ይከራከሩ። ክፍል ለማዛወር የሕንፃው ዕድሜ ምን ያገባዋል?

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። ክፍሌ ውስጥ መስማት የተሳነው ተማሪ አለ፣ አስተርጓሚ ግን አልተመደበም። ተማሪው ቅሬታ ሊያቀርብ መሆኑን ሰማሁ። ተቋሙ ለሌለው ነገር እኔ ልከሰስ ነው?
ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀድመኸው ጻፍ። «ክፍሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ተማሪ አለ፣ አስተርጓሚ ይመደብልኝ» ብለህ ለዲፓርትመንትህ አስገባና አንተም ማኅተም ያለባትን ኮፒ ያዝ። የተማሪውንና ያንተን ደብዳቤ ጎን ለጎን ያየ ዲን ችግሩ የት እንዳለ አይጠፋውም። ሰው የለም ካሉህ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል፣ ተመራቂዎች አሉ በላቸው።

እስከዚያው ባንተ እጅ ያለው ብዙ ነው። ስላይዱን ከክፍሉ በፊት ስጠው። ወደ ሰሌዳው ዞረህ እየጻፍክ አትናገር፣ ከንፈርህን እያየ የሚከታተልህ ከሆነ ያኔ ሁሉ ነገር ያመልጠዋል። የሚድ ቀን ሲቀየር በቃል ብቻ ነግረህ አትውጣ፣ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጻፈው። በክፍል ውስጥ ተሳትፎ የምትሰጠው ነጥብ ካለም ልጁ በጽሑፍ የሚያገኝበትን መንገድ አሁኑኑ ወስንና ንገረው፣ ግሬድ ከወጣ በኋላ አይሁን።