ለባዕድ ፍጡራን ስም ስለማውጣት፦ ለቀረበው ጥያቄ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ሦስት የኤሊየን ዘሮችና አሥራ አራት ገጸ ባሕርያት ያሉበት ሳይንሳዊ ልቦለድ እየተጻፈ ነው። ስሞቹ ከኢንተርኔት ስም ማመንጫ ተወሰዱ፤ ረቂቁን ያነበቡት ሰዎች ግን «ማን ማን እንደሆነ ጠፋብን፤ ስሞቹም አንደበት ያስራሉ» አሉ። ምን ይሻላል?

እህቴ፣ እያንዳንዱ ስም ለብቻው ሲታይ ምንም ላይለው ይችላል። ችግሩ አንድ በአንድ መለቀማቸው ላይ ነው። ታናካ፣ ናካሙራ፣ ያማዳ የሚሉትን የሰማ ሰው ጃፓንኛ ባያውቅም ሰዎቹ የአንድ አገር ልጆች መሆናቸውን ይገምታል። ድምፆቹ ከአንድ ማሰሮ ስለተቀዱ ነው። ስለዚህ ከስሞቹ በፊት ማሰሮውን አዘጋጂ፦ ለእያንዳንዱ ዘር ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ተነባቢ፣ ሦስት ወይም አራት አናባቢ፣ እንዲሁም ስሙ በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያልቅ የሚወስን አንድ ደንብ። ለዘሩ ጠባይ የሚሰጠው ያስቀረሽው ድምፅ ነው። የሃዋይ ስሞች ከሩቅ የሚለዩት ቋንቋው ስምንት ተነባቢና አምስት አናባቢ ብቻ ስላሉት ነው።

የሚቀረውን ለመምረጥ ጥሩው መነሻ የፍጡሩ አካል ነው። ከንፈር የሌለው ፍጡር ብ፣ ም፣ ፕ፣ ጵ፣ ፍ፣ ቭ እና ው አይኖሩትም። ብዙ ጸሐፊ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ግን ኡ እና ኦም ከንፈር በማሞጥሞጥ የሚወጡ ናቸው፤ ቋ፣ ጓ፣ ሏም እንዲሁ። ከንፈር አልባው ንጉሥ «ሙቦ» ከተባለ በሁለት ፊደል አራት ስሕተት ተሠራ ማለት ነው። ከቀሩት ውስጥ ቅ፣ ጥ፣ ጭ፣ ግ፣ ድ፣ ን፣ ል፣ ር፣ ሽ፣ ዝ ከኣ፣ ኢ፣ ኤ እና እ ጋር ተይዘው ሁሉም ስም በሳድስ ይለቅ ቢባል ዚቃር፣ ጌዲጥ፣ ጭላዝ ይወጣሉ። ጣሪቅም ይወጣል፤ እሱ ግን የታወቀ የሰው ስም ስለሆነ ይጣል። (በቀቀን ያለ ከንፈር «ማማ» ይላል የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ድምፁን የሚያወጣው በሌላ ብልት ነው። ደንቡ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ስሙ ከአካሉ ጋር እንዲሄድ የሚረዳ ዘዴ ነው።)

የውጭ ማመንጫዎች የማይጠቅሙሽ ለእንግሊዝኛ ጆሮ እንግዳ የሆነውን ስለሚሰጡ ነው። የቋንቋ ሊቁ ፖል ፍሮመር በ2009 እ.ኤ.አ. ለወጣው «አቫታር» ፊልም ናቪ የተባሉትን ባዕድ ፍጡራን ቋንቋ ሲፈጥር እንደ ጵ፣ ጥ፣ ቅ ያሉ ፈንጂ ድምፆችን አስገብቶበታል። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ከሌላ ዓለም የመጡ ናቸው፤ እኛ ግን ስንጠጣና ስንቆርጥ የምንላቸው ናቸው። በአማርኛ እንግዳ የሚሆነው ሌላ ነው። ኘ ቃል አይጀምርም ማለት ይቻላል፤ «ኛሪት» ብለሽ ብትጽፊ አንባቢው ወዲያው ከቤቱ እንደወጣ ይሰማዋል። ቨ፣ ጿ እና ዧ በስም መጀመሪያ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። ለአንድ ዘር ከእነዚህ አንዱ ይበቃል። በስም መሃል የምትሰነቀረው ጭረትስ (’)? በፊደላችን ሥራ የላትም፤ ጉሮሮ ላይ ቆም እንዲባል ከተፈለገ አ አለልን፦ «ክአታር»።

ስለ ድምፅ ስሜት ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። የሥነ ልቦና ሊቁ ቮልፍጋንግ ኮህለር በ1929 እ.ኤ.አ. ሾጣጣና ድቡልቡል ቅርጾችን ትርጉም ከሌላቸው ቃላት ጋር ሲያቀርብ «ታኬቴ» ለሾጣጣው የሚስማማ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት የቋንቋ ሊቁ ኤድዋርድ ሳፒር «ሚል» እና «ማል» ከሚባሉ ሁለት ጠረጴዛዎች ትልቁ የትኛው እንደሆነ ጠየቀ፤ አብዛኛው ሰው «ማል» አለ። ስለዚህ ግዙፍ ፍጡር በኢ የተሞላ ስም ሲይዝ አንባቢ ምክንያቱን ሳያውቅ ይጎረብጠዋል። ክፉዎቹን ሁሉ በቅ እና በጭ መሙላት ግን የሰነፍ ሥራ ነው። ለስላሳ ስም ያለው ጨካኝ የበለጠ ያስፈራል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ብዙው ስም የሚሰበረው እዚህ ነውና። በአማርኛ ስም ብቻውን አይቆምም፤ ከፊትም ከኋላም ይለጠፍበታል። «ከዛር መጣ» ሲባል ከዛር የሚባለው መጣ ወይስ አንድ ሰው ዛር ከሚባል ቦታ መጣ? በየ፣ በ፣ ለ፣ ከ የሚጀምር ስም ሁሉ ይህ ጣጣ አለበት። መጨረሻውም እንዲሁ ነው። «ዶራን ገደለ» የሚለውን አንዱ አንባቢ ዶራን ገዳይ ነው ብሎ፣ ሌላው ደግሞ ዶራ ተገደለ ብሎ ያነበዋል። «ቴላም መጣ» ቴላም ነው ወይስ ቴላ ደግሞ? በኡ ወይም በዋ የሚያልቅ ስም እንደ «ቤቱ» እና «ላሟ» ያለ ተራ ቃል ይመስላል። በኦ የሚያልቅ ባለ ሦስት ፊደል ስም «ሰብሮ» እንደሚለው ግስ ሊነበብ ይችላል። ሦስቱም ፊደሎች ግዕዝ ከሆኑ ደግሞ ባሰ፦ «ገለዘ» ብለሽ ብትሰይሚ አንባቢው ማን ምን ገለዘ ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕጩ ስም በእነዚህ አምስት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አስገቢው፦ እገሌ መጣ፤ እገሌን አየሁ፤ ከእገሌ ወሰድኩ፤ የእገሌ መርከብ፤ እገሌም አለ። አንዱ ላይ እንኳ ከተደናቀፈ ይቅር። የዘሩ ስም ከሆነ «ኦች» ጨምረሽም ሞክሪው።

ፊደሉ ራሱ የሚደብቃቸው ነገሮች አሉ። መጥበቅና መላላት አይጻፍም፤ ስለዚህ ሁለት ገጸ ባሕርያት በመጥበቅ ብቻ እንዲለያዩ አታድርጊ። ሳድስ አናባቢ ይኑረው አይኑረው አይታወቅም፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ሳድስ ተከታትለው ሲመጡ («ዝግርክት») አንባቢው እንደመሰለው እየሰባበረ ያነባል። አንደበት ያስራል የተባልሽው ምናልባት በዚህ ነው። ሰ እና ሠ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ ላይ ደግሞ አንዱን መርጠሽ በዝርዝርሽ ላይ ጻፊ፤ በሁለተኛው ምዕራፍ በሠ፣ በዘጠነኛው በሰ የተጻፈ ስም ሁለት ሰው ይሆናል።

መምታታትን በተመለከተ፣ አንባቢ በፍጥነት ሲያነብ የሚይዘው የስሙን መጀመሪያና ርዝመቱን ነው። አሥራ አራት ሰው ለሦስት ዘር ሲካፈል ለእያንዳንዱ አምስት ገደማ ይደርሳል፤ አሥር ተነባቢ ካለሽ በአንድ ዘር ውስጥ ሁለት ስም በአንድ ፊደል የሚጀምርበት ምክንያት የለም። ርዝመቱንም ከሁለት እስከ አራት ፊደል አፈራርቂው። ከአራት በላይ የሆነ ስም ለሥርዓተ በዓል ይቀመጥ፤ በትረካው ውስጥ አጭር መጠሪያ ይኑረው።

ሦስቱም ዘሮች የግድ በድምፅ መጠራት አያስፈልጋቸውም። በብርሃን ወይም በጠረን የሚነጋገር ፍጡር ስሙ በአፍ አይጠራም፤ ሰዎቹ የሚያወጡለት ቅጽል ወይም በትርጉም የሚገባ ስም ይበቃዋል፦ «ሦስተኛ ሞገድ»፣ «ዘግይቶ የበራ»። አንዱ ዘር እንዲህ ሲጠራ ሌሎቹ ሁለት በራሳቸው ይለያያሉ። ስሙን ማን ያወጣል የሚለውም ሊለወጥ ይችላል። ዶልፊኖች ገና በልጅነታቸው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መለያ ፉጨት ያዳብራሉ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው የራሳቸው ፉጨት ተቀድቶ ሲሰማቸው መልስ ይሰጣሉ። ወላጅ ስም የማያወጣበት ማኅበረሰብ ከዚህ ተነሥቶ ሊሠራ ይችላል። ፆታ የሌለው ፍጡር ከሆነ ደግሞ ስሙን ብቻ ሳይሆን ግሱንም አስቢበት፤ «መጣ» እና «መጣች» ያስገድዱሻል፣ «እሳቸው መጡ» ግን ያስመልጥሻል።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ስሞቹን በመፈለጊያ አስገቢያቸው፤ የመድኃኒት ወይም የድርጅት ስም ሆነው የሚገኙ አይጠፉም። ከአማርኛ ሌላ በሆነ ቋንቋ አፋቸውን በፈቱ ሁለት ሦስት ሰዎችም ይታዩ፤ ለአንቺ ባዶ የሆነው ድምፅ በሌላው ቋንቋ ስድብ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሌላ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ ገጽ ያንብብልሽ፤ አንቺ አታርሚው፣ የተሰናከለበትን ብቻ ምልክት አድርጊ።

ይህ ሁሉ ረቂቁ ሳይረዝም ቢደረግ ይመረጣል። በኮምፒውተር ፈልጎ መተካት በአማርኛ ሙሉ በሙሉ አይሠራም፦ ጭላዝን ብትፈልጊ «ከጭላዝ» እና «ጭላዝን» ይገኛሉ፣ «ጭላዞች» እና «ጭላዛችን» ግን ያመልጣሉ፤ የመጨረሻዋ ፊደል ስትረባ ትለወጣለችና። የመጨረሻዋን ፊደል ትተሽ «ጭላ» ብለሽ ፈልጊ፣ እያንዳንዱንም በዓይንሽ እያየሽ ተኪ።