ገዳዩ ማነው እያላችሁ ብዙ አትጨነቁ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች ስለ ድሮዎቹ ጥቁርና ነጭ የመርማሪ ፊልሞች ናቸው፣ እነዛ በርካሽ የተሰሩት፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ከቤት ቤት እየዞረ "ትናንት ማታ የት ነበሩ?" የሚልባቸው። እኔም የዚህ ነገር በሽተኛ ስለሆንኩ መልሱ አንዳንዱ ጋ ከረዘመ ታገሱኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ የ1930ዎቹንና የ40ዎቹን የምርመራ ፊልሞች ማየት ሱስ ሆኖብኛል፣ ባለቤቴ ግን ትስቅብኛለች። በር ሲዘጋ ግድግዳው ይነቃነቃል፣ አንዱን ደረጃ ሦስት ፊልም ላይ አይቼዋለሁ፣ ፊልሙ ደሞ አንድ ሰዓት ከምናምን ላይ ድንገት ያልቃል። ገንዘብ አጥተው ነው ወይስ ግድ ስላልነበራቸው?

መልስ፦ ገንዘብም አልነበራቸውም፣ ቢኖራቸውም አያወጡትም ነበር ወንድሜ፣ ማውጣቱ ምንም አይጠቅማቸውማ። ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1929 በኋላ ኢኮኖሚው ሲንኮታኮት ሰው ሲኒማ መግባት ቀነሰ፣ ሲኒማ ቤቶቹም ተመልካች ለመሳብ በአንድ ቲኬት ሁለት ፊልም ማሳየት ጀመሩ። ትልቁ ፊልም፣ ኮከቦቹ ያሉበት፣ ከቲኬቱ ገቢ በፐርሰንት ይካፈላል። ሁለተኛው፣ ቢ ፊልም የሚባለው፣ በቁርጥ ዋጋ ነው የሚከራየው። እስቲ አስበው፣ ፊልምህ ድንቅ ሆነም አልሆነም የሚከፈልህ ያው ነው። ታዲያ ትርፍህ የቱ ጋ ነው? ካላወጣኸው ብር ላይ ብቻ። ግድግዳው ሲነቃነቅ ዝም ብለው ያለፉት ለዛ ነው፣ ድጋሚ መቅረጽ ማለት ፊልምም ሰዓትም መብላት ነው።

ትልልቆቹ ስቱዲዮዎችም፣ ፎክስ፣ ኮሎምቢያ፣ አርኬኦ፣ ዩኒቨርሳል ምናምን፣ የራሳቸው ቢ ክፍል ነበራቸው፣ እነሱ ጋ ቢያንስ ለትልቁ ፊልም ተብሎ የተሰራ ሳሎን ወይ የሆቴል መግቢያ ተርፎ ይገኛል፣ ያንተም ደረጃ ከዛ የተገኘ ይመስለኛል። ምስኪኖቹ ሆሊውድ ጋወር ጎዳና አካባቢ ተኮልኩለው የነበሩት ፖቨርቲ ሮው የሚባሉት ናቸው፣ እንደ ሞኖግራም ያሉት፣ በ30ዎቹ ማብቂያ ላይ ደሞ ከሁሉም የባሰው ድሃ ፒአርሲ ተጨመረ። እነዚህ ብዙ ጊዜ አንድ ፊልም በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ቀርጸው ይገላገላሉ።

የቁጠባ ዘዴዎቹን አንዴ ካወቅካቸው ሁሉም ቦታ ታያቸዋለህ። ሰው ሲገደል አታይም፣ ስልክ ይደወላል፣ መርማሪው "ምን? መቼ?" ብሎ ባርኔጣውን ያነሳል፣ በቃ ሰውየው ሞቷል። ባቡሩ ከሌላ ፊልም የተቆረጠ ነው፣ የከተማው የሌሊት መብራትም እንደዛው። ለንደን ማለት ጭጋግና አንድ የመንገድ መብራት ነው። መጨረሻ ላይ ተጠርጣሪዎቹ ሁሉ አንድ ክፍል የሚሰበሰቡት ነገርስ? ልማዱ የመጣው ከልብ ወለዶቹ ነው እርግጥ፣ ግን ፕሮዲውሰሩም ሳይወደው አይቀርም፣ አንድ ክፍል፣ መብራቱ አንዴ ከተስተካከለ አይነካ፣ ተዋናዩ ሁሉ እዛው የመጨረሻውን ተናግሮ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅህ። ብዙ ሰው የነዚህን ፊልሞች ጨለማ ድህነት የወለደው ጥበብ ነው ብሎ ያወራል፣ ግማሹ እውነት ነው፣ ጆን አልተን የሚባል ካሜራማን በ1947 አንቶኒ ማን ዳይሬክት ያደረገው "ቲ ሜን" ላይ በጥቂት መብራት የሰራው ጥላ ዛሬም አፍ ያስከፍታል፣ በ1949 ስለ መብራት አሰራር መጽሐፍ ሁሉ ጽፏል። ብዙዎቹ ርካሽ ፊልሞች ግን ጨለማ እንኳን የላቸውም፣ ክፍሉ ዳር እስከዳር ቦግ ብሎ በርቷል፣ ምክንያቱም ጥላ አሳምሮ መጣል ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜ ደሞ የለም። ስለዚ ባለቤትህን ሁሉም ድንቅ ነው ብለህ እንዳትከራከራት፣ ትሸነፋለህ። ይልቅ ደረጃውን አብራህ ትፈልግ።

ጥያቄ፦ አንድም ጊዜ ገዳዩን አግኝቼው አላውቅም። እኔ ነኝ የማልረባው ወይስ ፊልሞቹ ያጭበረብራሉ?

መልስ፦ ያጭበረብራሉ እህቴ፣ ያውም አይናቸውን በጨው ታጥበው። ስልሳ አምስት ደቂቃ ውስጥ ስድስት ተጠርጣሪ፣ ሁለት ሬሳ፣ አንድ የፍቅር ጉዳይና አንድ ቀልደኛ ፖሊስ ሲታጨቅ ለፍንጭ የሚተርፍ ቦታ የለም። መጨረሻ ላይ መርማሪው ካሜራው አንዴም ያላሳየንን ደብዳቤ ከኪሱ መዝዞ ያወጣል። "ገዳዩን አውቀዋለሁ፣ እሱም..." የሚል ሰው ካለ መብራቱ ይጠፋል፣ ጥይት ይተኮሳል፣ መብራቱ ሲመጣ ወድቋል። በዚህ ሁኔታ ማን ያገኘዋል?

የግድ ልገምት ካልሽ ፍንጩን ትተሽ ተዋናዮቹን እያቸው። ከሌላ ፊልም ፊቱን የምታውቂው ተዋናይ ሁለት መስመር ብቻ የሚናገር ጸሐፊ ወይ ጠበቃ ሆኖ ጥግ ላይ ከቆመ፣ ለሁለት መስመር ብለው አልቀጠሩትም። ፖሊስ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች የሚያስረው ልጅ ደሞ ሁሌም ንጹህ ነው፣ በተለይ እጮኛ ካለው። ገዳዩ ያመልጥ ይሆን ብለሽም አትስጊ፣ ከ1934 ጀምሮ ሆሊውድ ላይ ጥብቅ የሳንሱር ደንብ ስለነበር ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም አያልቅም፣ ወይ ይያዛል ወይ ከሆነ ከፍታ ላይ ይወድቃል። ደንቡ ሌላ ሊኮርጀው ይችላል ተብሎ የአገዳደሉን ዝርዝር ማሳየትም ይከለክል ነበር፣ መርዙ ሁሌ "ብርቅዬ መርዝ" ተብሎ ብቻ የሚታለፈው ያለምክንያት አይመስለኝም።

እኔ ራሴ ገዳዩን ማሳደድ ካቆምኩ ቆየሁ። የማየው መርማሪውን ነው፣ እንዴት እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ውሸታም ሲያናግር ፊቱ ምን እንደሚሆን። ተከታታይ ፊልሞቹ ያን ያህል የቆዩትም ለዚህ ይመስለኛል፣ ሰው የሚመጣው ለእንቆቅልሹ ሳይሆን ለሚያውቀው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉም መርማሪ ወንድ ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም፣ አሉ። ከ1937 እስከ 1939 ዋርነር ስቱዲዮ ዘጠኝ ፊልም የሰራላት ቶርቺ ብሌን የምትባል ጋዜጠኛ አለች፣ ሰባቱ ላይ ግሌንዳ ፋረል ናት፣ የምታወራበት ፍጥነት አያድርስ። ከሷ በፊት በ1932 አርኬኦ ሂልደጋርድ ዊዘርስ የምትባል መምህርት ጀምሮ ነበር፣ ኤድና ሜይ ኦሊቨር ስትሰራት ፖሊሱን እንደ ሰነፍ ተማሪ ነው የምትቆጣው። ሁለቱንም ፈልጊ፣ መጀመሪያ ግን መምህርቷን።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልጄ ቲቪው ላይ ዩቲዩብ ከፍታልኝ የድሮ ፊልም አያለሁ። ግን ፊታቸው ሁሉ ነጭ ሆኖ አይናቸው አይለይም፣ ድምጹ ይንሿሿል፣ ሰዎቹም ሁሉ አጭርና ወፍራም ናቸው። አይኔ ነው ወይስ ፊልሙ?

መልስ፦ አይንዎ ደህና ነው ጋሼ። ወፍራምነቱ ከቲቪው ነው የመጣው። ያኔ ምስሉ የሚቀረጸው 4 በ 3 በሚጠጋ መጠን ነው፣ የዛሬው ቲቪ ደሞ ሰፊ ስለሆነ ወደ ጎን ይለጥጠዋል። ልጅዎ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ የምስሉን መጠን 4 በ 3 ታርግልዎ፣ ግራና ቀኝ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ትክክል ነው ማለት ነው። እዛው እያለች እንቅስቃሴውን የሚያለሰልሰውን ነገርም ታጥፋው፣ ፊልሙን የዛሬ ድራማ ያስመስለዋል።

የቀረው ጥፋት የኮፒው ነው። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ፊልም የሚቀረጸው ናይትሬት ላይ ነበር፣ በቀላሉ የሚቃጠልና በራሱም ጊዜ የሚበሰብስ ነገር ነው። ቲቪ ሲመጣ እነዚህ ፊልሞች ወደ ትንሹ የ16 ሚሊሜትር ፊልም ተገልብጠው ለጣቢያዎች ተሸጡ፣ ጣቢያው ለማስታወቂያ ቦታ ሲፈልግ ቆረጠ፣ ከተቆረጠው ደሞ ሌላ ተገለበጠ፣ እንዲህ እያለ የፊቱ ዝርዝር እየጠፋ ነጭ ብቻ ይቀራል። ድምጹም ፊልሙ ጠርዝ ላይ ስለታተመ አብሮ ይጎዳል። ታሪኩ ድንገት ከዘለለብዎ አንቀላፍተው እንዳይመስልዎ፣ ምናልባት ትዕይንቱ ተቆርጦ ይሆናል።

እንዲህ የበዛውም በሕጉ ምክንያት ነው። በድሮው የአሜሪካ ሕግ ከ1964 በፊት የወጣ ፊልም በ28ኛው ዓመቱ የባለቤትነት መብቱ ካልታደሰ የማንም ይሆናል፣ ርካሾቹን ደሞ ማን አስታውሶ ያድሳቸው፣ ስለዚ ማንም ያገኘውን ኮፒ ይለጥፋል። ለምሳሌ ባሲል ራትቦንና ናይጀል ብሩስ ለዩኒቨርሳል ከሰሯቸው አስራ ሁለት የሼርሎክ ሆምስ ፊልሞች አራቱ በዚህ መንገድ ነጻ ወጥተዋል፣ ለዛ ነው እነሱ ሁሉም ቦታ በየአይነቱ ጥራት የሚገኙት። አስራ ሁለቱንም ዩሲኤልኤ የሚባለው የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ማህደር አድሷቸዋል፣ የታደሰውን ካገኙ ያኔ አይናቸውን ያዩታል። ብቻ አንድ ፊልም ከመጀመርዎ በፊት ሦስት አራት ኮፒ ከፍተው የመጀመሪያውን ደቂቃ ያወዳድሩ። ቀለም የተቀባውን ግን እባክዎ ይተዉት፣ ሬሳውም መርማሪውም እኩል ብርቱካናማ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከልጆቼ ጋር የቻይናዊውን መርማሪ የቻርሊ ቻንን ፊልሞች ጀምረን ነበር። ልጄ "ሰውየው እኮ ቻይናዊ አይደለም" አለችኝ፣ የምመልሰው ጠፋኝ። ልዝጋው?

መልስ፦ መጀመሪያ "ልክ ነሽ" በያት፣ ምክንያቱም ልክ ናት። ከ1931 ጀምሮ ቻንን የሰራው ዋርነር ኦላንድ ስዊድናዊ ነው፣ በ1938 ሲሞት ሲድኒ ቶለር ተተካ፣ ከሱ በኋላ ሮላንድ ዊንተርስ፣ ሁለቱም ነጭ አሜሪካዊ ናቸው። ሞኖግራም ደሞ ከ1938 እስከ 1940 ሚስተር ዎንግ የሚባል ቻይናዊ መርማሪ አርጎ ቦሪስ ካርሎፍን፣ እንግሊዛዊውን፣ አምስት ፊልም አሰራው። ፎክስ ጋ ያለው ጃፓናዊው መርማሪ ሚስተር ሞቶም አውሮፓዊው ፒተር ሎሬ ነው። ያኔ ሆሊውድ እስያዊ ተዋናይ አጥቶ አልነበረም፣ ዋናውን ቦታ አልሰጥም ብሎ ነው።

የሚያናድደው ደሞ ሰውየው እዛው ፊልሙ ውስጥ መኖሩ። የቻን "ቁጥር አንድ ልጅ" የሆነው ኪ ሉክ ጓንግዡ የተወለደ ቻይናዊ አሜሪካዊ ነው፣ አባቱን የሚሰራው ስዊድናዊ ነው፣ ልጁን የሚሰራው ግን እውነተኛው። በ1940 ካርሎፍ ሲለቅ ሞኖግራም ዎንግን ለኪ ሉክ ሰጠው፣ "ፋንተም ኦቭ ቻይናታውን" ይባላል፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ፊልሙ እንደሌሎቹ ርካሽ ነው፣ እሱ ግን ቀለል ብሎት፣ ያለምንም የተሰባበረ እንግሊዝኛ ምርመራውን ይመራል። ከዛ ተከታታዩ ቆመ። ለልጅሽ ይሄንን አሳያትና ከካርሎፎቹ አንዱን ቀጥሎ ክፈቺላት፣ ልዩነቱን ራሷ ትነግርሻለች።

ሞኖግራም የሰራቸው ቻኖች ላይ ሾፌሩን የሚሰራው ጥቁር ተዋናይ ማንታን ሞርላንድም አለ። የተሰጠው ቦታ መናፍስት የሚፈራ ሎሌ ነው፣ ለማየት ይከብዳል፣ ግን ንግግሩን የሚቆርጥበት ሰዓትና የአይኑ ነገር ፊልሙ ውስጥ ካለ ሁሉ የበለጠ ስራ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱን ለማለት ሌላውን መደበቅ አያስፈልግም። እኔ አልዘጋውም፣ ብቻቸውን እንዲያዩት ግን አልተውም።

ጥያቄ፦ ከየት ልጀምር? ፊልሞቹ ብዙ ናቸው፣ ሁሉም አንድ ይመስሉኛል።

መልስ፦ አንድ ስለሆኑ ነው። ቦስተን ብላኪን ውሰድ፣ ከ1941 እስከ 1949 አስራ አራት ፊልም፣ ቼስተር ሞሪስ የቀድሞ ሌባ ነው፣ ወንጀል ይፈጸማል፣ ፖሊስ እሱን ይጠረጥራል፣ ንጽህናውን ለማሳየት ገዳዩን ያገኛል፣ እንደገና። ሁለቱን አይተህ ከወደድከው ቀጥል፣ ካልወደድከው ሌላው አይለይብህም። ፋልከን የሚባለውን መርማሪ ግን በቅደም ተከተል እይ፣ ምክንያቱም ጆርጅ ሳንደርስ ሲሰለቸው በ1942 ቦታውን ለእውነተኛ ወንድሙ ለቶም ኮንዌይ አስረክቦ ነው የወጣው፣ ፊልሙ ላይም ወንድሙ ነው። ዊስለር የሚባለው ደሞ ለየት ይላል፣ ከስምንቱ ሰባቱ ላይ ሪቻርድ ዲክስ አለ፣ ግን በየፊልሙ ሌላ ሰው ነው፣ አንዴ ገዳይ አንዴ ተገዳይ፣ እሱን ስታይ ማንን ማመን እንዳለብህ አታውቅም።

አንድ ብቻ ምረጥልኝ ካልከኝ በ1942 ፍሬድ ዚነማን የሰራው "ኪድ ግላቭ ኪለር"። ገዳዩን ገና ከጅምሩ እናውቀዋለን፣ የምናየው ላቦራቶሪ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች በጸጉርና በአቧራ እንዴት እንደሚደርሱበት ነው። እነዚህን ሁሉ ጨርሰህ አሁንም ካልጠገብክ ጀርመኖች ከ1959 ጀምሮ የእንግሊዛዊውን የወንጀል ደራሲ የኤድጋር ዋላስን ልብ ወለዶች ወደ ፊልም የቀየሩበት ረጅም ተከታታይ አለ፣ እስከ 1966 ድረስ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ታሪኩ ለንደን፣ ቋንቋው ጀርመንኛ፣ ጭጋጉ እንደ ጉድ፣ ተዋናዩ ክላውስ ኪንስኪ ደሞ በብዙዎቹ ውስጥ አይኑን እያፈጠጠ ይንከራተታልና ገና ሲገባ እሱ ነው ትላለህ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም።